ነጭ ክር

ከኮምቦልቻ ደሴ ሐረጎን ስወጣ፣
መቶ ጫጩት ጭኜ፣ ፀሐይ ሳትመጣ፣
ጪው ጪው ይላል ኋላ፤
የጫጩት ነው ብዬ አልጠረጠርሁም ሌላ።
ሰኞ ገበያ ላይ ካርቶኑን አራግፌ፣
ቁልቁል ስመለስ ግን፣ ባዶዬን፣ አርፌ፣
አሁንም ጪው ጪው!
ዞር ብዬ አየሁት፤ ካርቶኑ ባዶ ነው።
ከጎማው ጎን ነበር፣ ከካቴናው መሀል፣
ላባ የሌለው ጫጩት ዘይት ይጠይቃል።

ካቴና። ስሙ ራሱ ጣጣ፤
የሌባ እጅ የሚይዝ፣ ለኔ እንጀራ የሚያመጣ።
ሐረጎ ላይ ላልቶ ከጥርሱ ቢያመልጥ፣
አይሱዙ ከኋላዬ፣ ገደል ከጎኔ፣ ወዴት ልሮጥ?

ማታ ነው፣ በርበሬ ወንዝ፤ መብራት ጠፍቷል።
የጎረቤት ውሻ እንኳ ዝም ብሏል።
ስልኬን በጥርሴ ነክሼ ለብርሃን፣
እንደ ላም አላቢ ተንበርክኬ ከሞተሬ ጎን፣
በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በናፍጣ፣
የስንት ወር ጭቃ ከየመጋጠሚያው ወጣ።
ያንን ትልቁን ዳዶ በሃያ አራት ቁልፍ
ሁለት እጄን ጭኜ፤ እንቢ ብሎ፣ እንቢ ብሎ፣ ሲሰለቸው እልፍ።
ከዚያ የግራና የቀኙን ትንንሽ ብሎኖች
ሩብ ዙር እዚህ፣ ሩብ ዙር እዚያ፣ እንደ መንታ ልጆች።
ከታች በኩል ገፍቼ በጣቴ ስለካው፣
ከላይ እስከ ታች ሁለት ጣት፤ ደህና ነው።
ብረቱ ላይ የተጫረውን መስመር ቆጠርሁ፤
ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ። "ቀጥ ብሏል" አልሁ።

ጦይባ መጣች፣ መርፌ ደረቷ ላይ ሰክታ፣
ለዒድ የታዘዘ የሱሪ ክምር ትታ።
አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ከኋላ አጎንብሳ፣
"ጠማማ ነው፣ ሙሄ" አለች፣ ጣቷንም ሳታነሳ።

"እንዴት? መስመሩ እኩል ነው፤ ካላመንሽ ቁጠሪ።
ሦስት ዓመት ነድቻለሁ፤ አንቺ ስፌትሽን ሥሪ።"

"መስመሩን የጫረው ሰው ነው፤ ሰው ይሳሳታል።
ክር ግን ከወጠሩት፣ መዋሸት የት ይችላል?"

ከኪሷ የነጭ ክር ጥቅል አወጣች፤
አንዱን ጫፍ ለኔ ሰጥታ፣ አንዱን ራሷ ያዘች።
ከኋላው ጎማ እስከ ፊተኛው፣ በዚህም በዚያም ወጠርነው።
በቀኝ ክሩ የፊቱን ጎማ ሳመው፤
በግራ ጣት ገባ።

"ይህን ያህል ቢዘም፣ ሱሪ ቢሆን፣ እግሩ ይጠመዘዛል፤
ደንበኛው መጥቶ ራሴ ላይ ይወረውረዋል።"

ጎማዬን ዳሰስሁት፤ አንዱ ጎን ተላጭቷል።
ሦስት ዓመት "መንገዱ ነው" ስል፣ ለካስ መስመሩ ዋሽቷል።

የግራውን ብሎን ሩብ፣ ከዚያ የሩብ ሩብ፤
"ጨምር... በቃ... አይ፣ ትንሽ መልስ"፤ እኔ በላብ።
ክሩ ከሁለቱም በኩል እኩል ሲርቅ፣
"እሰር" አለች። አሰርሁ፣ ክንዴ እስኪደነዝዝ ድረስ፣ ጥብቅ።
በልብስ ጠመኔዋ፣ ባሮጌው መስመር ጎን፣
አዲስ መስመር አኖረች፣ እንደ ቅንድብ ቀጭን።

ከዚያ ጎማውን በእጄ ቀስ ብዬ ሳዞር፣
አንድ ቦታ ላይ ይጠብቃል፤ የቆየ ነገር
እኩል አያረጅም፣ እኩል አይላላም፤
ያቺን ጥብቅ ቦታ ፈልገህ ካልለካህ፣ ሌላው ልኬት አይረባም።
ላላ ባለው ብታምን፣ ጥብቁ ጋ ሲደርስ ይበጠሳል።

ትዳርም እንዲሁ ነው ልላት አፌን ስከፍት፣
"ዝም ብለህ ዘይት ቀባ" አለችኝ፤ "ሱሪዎቹ ጠዋት
ይወሰዳሉ።"

ንጋት ላይ ጫጩት ጭኜ ሐረጎን ወጣሁት።
ጉም ነበር። ጪው ጪውታውን ጆሮ ሰጥቼ አዳመጥሁት፤
የጫጩት ነው። የጫጩት ብቻ።
ስመለስ፣ ቁልቁል፣ ባዶ ካርቶን፣ እስከ ኮምቦልቻ፣
ምንም።

ቤት ደርሼ ጎንበስ ስል፣ ከጎማው እምብርት ላይ
ያ ክር ተጠምጥሟል፤ ግራሶ ጠጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ክርነቱ እስከማይታይ።
ልበጥሰው ብዬ፣
ተውሁት።